እናቴና ባለ ሁለት ወንበሯ መኪና

እናቴ መኪናዬ ውስጥ የምትገባበት የራሷ ዘዴ ነበራት። ጀርባዋን ለወንበሩ ትሰጥና በአንድ እጇ የበሩን ጫፍ፣ በሌላው የእኔን ትከሻ ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ወደ ኋላ ትወድቃለች። ከዚያ እግሮቿን አንድ በአንድ አንሥቼ አስገባላታለሁ። ወንበሩ ከአስፋልቱ ብዙም ከፍ አይልም። "ሰው መኪና ላይ ይወጣል እንጂ መኪና ውስጥ ይወርዳል?" ትለኝ ነበር።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ኦክላንድ፣ ቴሜስካል የሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። ሥራዬ ፓሎ አልቶ፣ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ቸርቻችን ደግሞ ሳን ሆሴ። መኪናዋን የገዛኋት እናቴ ከመምጣቷ በፊት፣ ብቻዬን ሳለሁ ነው። ጃፓን ሠራሽ፣ አረንጓዴ፣ ጣሪያዋ ጥቁር ሸራ የሆነ ትንሽ ስፖርት መኪና። ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው። ከፕሮግራም በኋላ ሊፍት የፈለገ ሰው ጠጋ ሲለን እናቴ ታፍርና መሬት መሬት ታያለች፤ እኔ ግን መኪናዋን እወዳት ነበር።

ጠባይዋን ለምጄው ነበር። የፊት መብራቶቿ ኮፈኑ ውስጥ ተደብቀው ይውሉና ሲበሩ እንደ እንቁራሪት ዓይን ብቅ ይላሉ። የኋላ መስኮቷ መስታወት ሳይሆን ከሸራው ጋር በዚፕ የተያያዘ ፕላስቲክ ነው። ባትሪዋ እንደ ሌላው መኪና ሞተሩ አጠገብ አይደለም፤ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ትራንክ ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው ጎን ተወሽቋል። ስለዚህ ትራንኩ ከአንድ ሁለት ቦርሳ በላይ አይዝም። እሱንም ከውስጥ የሚከፍት ነገር የለም፤ የሚከፈተው ሞተሩን በሚያስነሣው በዚያው ቁልፍ ብቻ ነው። ከሸራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ደግሞ ከበሮቹ ኋላ ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ መሬት ይፈሳል። ቅጠል ከደፈናቸው ውኃው መንገድ ቀይሮ እግር ሥር ይመጣል።

አንድ ዓርብ ዕረፍት ነበረኝ። ቸርች የጾም ጸሎት ስለነበር እናቴን ይዤ ሳን ሆሴ ሄድኩ። እናቴ የስኳር በሽተኛ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን ትወጋለች። ስለዚህ ትጸልያለች እንጂ አትጾምም ብለን ተስማምተናል፤ ፓስተሩም ነግረዋታል። ጸሎቱ ተራዝሞ ስንወጣ ከሰዓት በኋላው ገፍቶ ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ይወርዳል።

በሩን ስከፍት ምንጣፉ በውኃ ርሷል። እናቴ ቦርሳዋን እያየች፣ "መድኃኒቴ ይበሰብሳል፣ ከኋላ አድርጊልኝ" አለችኝ። ጁሷም ከረሜላዋም ያለው እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነው። ትራንኩ ውስጥ አስቀመጥኩላት። መብራት ሳበራ ደግሞ የቀኙ ዓይን አልነሣም አለ። ይህንንም ለምጄዋለሁ፤ ኮፈኑን ከፍቼ በእጅ የሚዞረውን ትንሽ እጀታ አዙሬ አስነሣሁትና ጉዞ ጀመርን።

ኤይት ኤይቲ በሚሉት ፍሪዌይ፣ ወደ ቤት በሚወስደን የፍጥነት መንገድ ላይ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኮንቴይነር የጫነ መኪና አይጠፋም። ሁሉም ወደ ኦክላንድ ወደብ ይጣደፋል። ከዚያች መኪና ውስጥ ሆኜ የማየው ጎማቸውን ነው። ጎማው ከጭንቅላቴ በላይ ሲሽከረከር፣ የሚረጨው ውኃ ሸራውን እንደ ከበሮ ሲደበድበው፣ ሾፌሩ እዚያ ላይ ተቀምጦ እኔን እንደማያይ አውቃለሁ። መሪውን ጨምድጄ ይዣለሁ። እናቴ ዝም ብላለች። የእሷ ዝምታ ደግሞ ደህና ነገር አይደለም።

"እማዬ፣ ደክሞሽ ነው?"

"ንጂ ዝም ብለሽ።"

ቀና ብዬ ሳያት ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። መኪናው ውስጥ ግን ብርድ ነው።

"ጠዋት መርፌሽን ተወግተሻል?"

"ተወግቻለሁ።"

"ቁርስስ?"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"እማዬ! ጾምሽ እንዴ?"

"ላንቺ ነው የጾምኩት" አለች፤ አፏ እየተሳሰረ። "ላንቺ ነው፤ ጌታ ያውቃል።"

የስኳር መውረድ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ በየቀኑ በሥራዬ የማየው ቁጥር ነው። ጁሱ ከጀርባችን አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ አለ፤ መሐል ላይ ግን የብረት ግድግዳ አለ። መውጫው ደግሞ ገና ነው። ከጎኔ ያለው ኮንቴይነር ማለፉን አላቆመም። እናቴ በዚህ መሐል አክስቴ መሰልኳትና በእሷ ስም ጠራችኝ፤ በሩን ዝጊው፣ ላሟ ትገባለች አለችኝ። ፍሬቻ አሳይቼ፣ ማየቴንም ሳላውቀው፣ ወደ ቀኝ ጠርዝ ወጣሁና ቆምኩ።

ትራንኩን ለመክፈት ሞተሩን ማጥፋት ነበረብኝ፤ ቁልፉ አንድ ነዋ። አራቱን ፍሬቻ አብርቼ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ነቅዬ፣ መኪና እስኪያልፍ ጠብቄ በሬን ከፈትኩ። ንፋሱ በሩን ከእጄ ሊነጥቀኝ ደረሰ። ወደ ኋላ ሮጥኩ። የትራንኩ ቁልፍ ማስገቢያ በብርድም በዝገትም ድርቅ ብሏል። አዞርኩት፤ እምቢ አለ። በሁለት እጄ ይዤ በኃይሌ ስጠመዝዘው አንዳች ነገር ቀለል አለኝ። ተከፈተ ብዬ ነበር። እጄን ሳየው የቁልፉን ራስ ብቻ ይዣለሁ። ሌላው ግማሽ ውስጥ ቀርቷል።

ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። አሁን ትራንኩም አይከፈት፣ ሞተሩም አይነሣ። ትርፉ ቁልፍ ኦክላንድ፣ ቤት ነው። ቢጫው የአደጋ ስልክ ሩቅ ወደፊት ይታየኛል፤ እናቴን ትቼ እንዴት እሮጣለሁ? በእሷ በኩል ያለውን በር ከፍቼ ጉንጯን መታ መታ አደረግኩ። "እማዬ፣ እዪኝ! እኔን እዪኝ!" ዓይኗ እኔን አልፎ ሌላ ቦታ ያያል። ያኔ ተነሥቼ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፌ፣ ጠርዙ ላይ ቆሜ ማውለብለብ ጀመርኩ።

ስንት መኪና እንዳለፈኝ አላውቅም። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ኮንቴይነር የጫነ መኪና ፍሬን ይዞ፣ እየተንሻፈፈ፣ ከኋላችን መጥቶ እንደ ግድግዳ ቆመ። ከላይ አንድ ጥምጣም ያደረገ ግዙፍ ሰው ወረደ፤ ሕንዳዊ ነው፤ ጺሙ ደረቱ ላይ ደርሷል።

"አንቺን ነው ያየሁት፤ መኪናዋን አላየኋትም" አለኝ በእንግሊዝኛ። "ምን ሆናችሁ?"

"እናቴ ናት። ስኳሯ ወርዷል። ጣፋጭ ነገር አለህ? ማንኛውም ጣፋጭ?"

ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ተመልሶ ወጣና ፔርሙስ ይዞ መጣ። ወንበሩ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ያ ትልቅ ሰውዬ ማጎንበስ አልበቃውም፤ ጭቃው ላይ በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከ። ሲከድነው የነበረውን ኩባያ ሞልቶ ለእኔ ሰጠኝ። እኔ የእናቴን ራስ ደገፍኩ።

"ቻይ ነው፤ ስኳሩ ብዙ ነው" አለ።

እናቴ ያቺን ቃል ሰማች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። "ሻይ?" አለች።

"አዎ እማዬ፣ ሻይ ነው። ዋጪ። ቀስ እያልሽ ዋጪ።"

መጀመሪያው በአገጯ ፈሰሰ። ሁለተኛውን ዋጠች። ሰውዬው በሰፊ ትከሻው ዝናቡን ከለከለልን፤ ወተትና ሄል ያለው ሻይ ሽታ ያቺን ጠባብ ቦታ ሞላት። አንድ ኩባያ፣ ሌላ ኩባያ። እኔ ፊቷን አያለሁ። ስሟን ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። ስሜን ጠየቅኳት፤ ተቆጣችኝ። "ምን ያለ ጥያቄ ነው? ያሳደግኩሽን ልጅ ልረሳ?" ያኔ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሰውዬው በሬዲዮው ጎታች መኪና አስጠራልንና፣ እዚህ መሬት ላይ ሆናችሁ መጠበቅ አትችሉም፣ ማንም አያያችሁም አለ። እናቴን ከወንበሩ ማውጣት የእኔም የእሱም ጉልበት ፈጀ። ከዚያ እኔ ከታች እየደገፍኩ፣ እሱ ከላይ እየሳበ፣ የትልቁን መኪና ደረጃዎች ወጣች። ብርድ ልብስ ደረበላት፣ ዳቦም ሰጣት። እሱ የማስጠንቀቂያ ምልክት ሊያቆም ወርዶ ሳለ እናቴ በትልቁ መስታወት ወደ ታች አየች። አረንጓዴዋ መኪና የተጣለ ጫማ መስላ ቆማለች።

"ምን ብለሽ ነው የጾምሽልኝ?" አልኳት። ንዴቱ ገና መምጣቱ ነበር።

ዳቦዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "የትዳር ሰው እንዲሰጥሽ። ደግሞ እንዲሰጥሽ እየለመንኩ፣ የት ይቀመጣል እላለሁ። ሁለት ወንበር ነው ያለሽ። አንዱ ላይ እኔ ተቀምጬበታለሁ።"

ሊፍት የፈለገ ሰው ጠጋ ሲለን የምታፍረው በእኔ ይመስለኝ ነበር። የምታፍረው በራሷ ኖሯል። "እማዬ፣ የሚመጣ ሰው ካለ የራሱን መኪና ይዞ ይመጣል" አልኳት። ለመሳቅ ሞከረች፤ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነባት። እኔም አለቀስኩ። ሰውዬው ተመልሶ በሩን ሲከፍት ሁለታችንንም አየና ቀስ ብሎ መልሶ ዘጋው።

ጎታቹ መጥቶ መኪናዋን ጫናት። ሰውዬው እናቴን በሁለት እጁ ይዞ አወረዳት። እሷ በአማርኛ መረቀችው፤ እሱም የገባው ይመስል ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበላት። ከዚያ በኋላ አላየነውም።

በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት የሰፈር ሰው መኪና ለምኜ ነበር። እናቴ ገንፎዋን ጨርሳ በልታ፣ ጁሷን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከትታ፣ "በዚያችው ነው የምንሄደው። ዛሬ ከፈራሁ ሁልጊዜ እፈራለሁ" አለች። ቱቦዎቹን በሽቦ ጠርጌያቸዋለሁ፤ አዲስ ቁልፍም አስቀርጫለሁ።

ፍሪዌይ ስንገባ ክንዴን ያዘችና ድምጿን ከፍ አድርጋ መጸለይ ጀመረች። የዚያች መኪና ሸራ ሲዘጋ በቀኝ በኩል ወደ ኋላ ማየት አይቻልም፤ መስመር ስቀይር ሁልጊዜ በግምት ነበር። ወደ ቀኝ ፍሬቻ ሳሳይ እናቴ ጸሎቷን አቋረጠች። ቀበቶዋን ለጠጥ አድርጋ፣ አንገቷን አዙራ፣ በመስኮቷ ወደ ኋላ አየች።

"ቆዪ፤ አንድ ትልቅ አለ" አለች።

ቆየሁ። ኮንቴይነሩ እያጓራ አለፈን፤ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። የእናቴ ጣቶች ክንዴ ላይ ጠበቁ።

"አሁን ሂጂ" አለችኝ። "ቶሎ በይ፤ ሌላ እየመጣ ነው።"