የዋጃው ገበሬ ልብ በፈረንጅ መለኪያ

ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢ ሆኜ ራያ ቆቦ ክሊኒክ የገባሁ ዕለት ሥራዬ መርፌ መቀቀል ነበር። በዓመቱ አንድ ዶክተር የልብ መመርመሪያ መሣሪያ በጂፕ ጭነው ከአዲስ አበባ መጡና ረዳታቸው አደረጉኝ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

መሣሪያው የልብን ምት በረጅም ወረቀት ላይ ይስላል። «የሕክምና መጽሐፋችን የተጻፈው በፈረንጅ ልብ ነው» አሉኝ ዶክተሩ። «የደገኛው፣ የራያው፣ የአፋሩ ጤነኛ ልብ ምን እንደሚመስል ማን ለካው? ጤነኛ ሰው አምጣልኝ።»

መከራዬ እዚህ ላይ ነው። በሽተኛ ሞልቷል፤ ጤነኛ ሐኪም ቤት ምን ሊሠራ ይመጣል? ገበያ ለገበያ እየዞርኩ ሰዉን ስለምነው «ሳያመኝ ልታከም? ምን በደልኩህ?» ይሉኛል።

የመጣውም ቅቤውን ተቀብቶ ነው። ደረት ላይ የምንለጥፈው ነገር እየተንሸራተተ ሲወድቅ ዶክተሩ መሣሪያው ተበላሸ ብለው ሊፈቱት ተነሡ። «ቅቤው ነው ጌታዬ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ደረት በሳሙና ማጠብም የእኔ ሥራ ሆነ።

አንድ ቀን ሰይድ የሚባል የዋጃ ገበሬ ተመረመረ። ወደ ላይ መነሣት የሚገባው መስመር ቁልቁል ወርዷል። ዶክተሩ መጽሐፉን ገለጡ፤ ፊታቸው ጠቆረ። «ልቡ ታሟል። ከባድ ሥራ ይተው በለው።»

ወሩ ሐምሌ ነበር። ቆላው ማሽላውን የሚያጠጣው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ነው፤ ጎርፉ ያመለጠው የዓመት እህሉ አመለጠው። የዶክተሩን ቃል ስነግረው ሰይድ ደረቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«ወላሂ ምንም አላመመኝ። ልጆቼን ምን ላብላቸው ሐኪም?»

አንጀቴን በላው።

በሦስተኛው ቀን ጎርፉ መጣ፤ ሰይድም ገባበት ተባለ። ዶክተሩና እኔ ልናስወጣው ሮጥን። እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ ድንጋይና እሾህ ይከምራል፤ አብረውት ጎርፍ ከሚጠልፉት ሁሉ በላይ ጮክ ብሎ የሚዘፍነው እሱ ነው። ዶክተሩ ከሩጫው የተነሣ ትንፋሽ አጥሯቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ሰይድ አያቸውና «አይዞዎ ዶክተር! ከባድ ሥራ ይተዉ እንጂ!» አላቸው። ጎርፍ ጠላፊው ሁሉ ሳቀ። ዶክተሩም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

በማግስቱ ሰይድንና ጓደኞቹን አንድ በአንድ መረመሩ፤ ደረታቸውን አዳመጡ፣ አንድም ሕመም አላገኙም፤ ወረቀቱን አነጻጸሩ። የብዙዎቹ መስመር እንደ ሰይድ ቁልቁል ነው። በመጨረሻ እኔን አስተኙኝ፤ የእኔም ያው! በሰይድ ወረቀት ላይ «ሕመምተኛ» ያሉትን ሰርዘው «ጤነኛ» ብለው ጻፉ፤ ይቅርታም ጠየቁት። ደስታዬ ሊያዘልለኝ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ወረቀቱና ሰውየው ካልተስማሙ መጀመሪያ የምጠይቀው መለኪያው በማን ልብ ላይ እንደተሠራ ነው።