ደም ብዛትና ግፊት

ኤርሊን ፕሩዊት ሚሲሲፒ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ለክሊኒክ ሰዎች ማስረዳት ሰልችቷታል። ደም ብዛት ከምግብ ነው የሚመጣው፤ አሳማ ሲያበዙ ደም ወደ ላይ ይወጣል፣ ኮምጣጤ ሲጠጡ ይወርዳል። ግፊት ግን ሌላ በሽታ ነው፤ የሚይዘውም የሚገፋው ሰው ያለውን ነው። ሐኪሙ በገዛ አፉ «ግፊት አለብዎት» ሲላት ገፊዋን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ታናሽ እህቷ ቬርኔል ናት።

የቬርኔል ምላስ መቼም አያርፍም። የኤርሊንን የእሁድ ባርኔጣ አይታ «ይሄ ደግሞ የማን ድንኳን ነው?» ትላታለች። ስለዚህ ኤርሊን የእህቷን ስልክ ማንሳት ተወች፤ ቤተ ክርስቲያንም መቀመጫ ቀየረች። ኪኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች። ጎመኗን ግን እንደ ድሮው ጨው በጠጣ የአሳማ አጥንት ትቀቅላለች፣ ለማንኛውም ብላም ጠዋት ጠዋት ኪያር በጨው ከተዘፈዘፈበት ጠርሙስ ኮምጣጤ ትጎነጫለች። ቤቱ ጭር አለ። ጭርታው አስጠላት፤ ግን መድኃኒት መቼ ጥሞ ያውቃል?

በቀጠሮዋ ቀን ነርሷ ለካቻትና ግንባሯን ቋጠረች።

«እማማ ኤርሊን፣ ጭራሽ ብሶብዎታል። ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ምግቡን ተዪው ልጄ፤ እኔ እህቴን እንኳ ትቻለሁ! የኪያሩንም ኮምጣጤ እየጠጣሁ ነው።»

«እሱ እኮ ጨው ነው! አጥንቱም ጨው ነው። ደም ብዛት ይበሉት ግፊት፣ በሽታው አንድ ነው። እህትዎ ምን አደረጉ?»

ቬርኔልማ ምንም አላደረገችም። ኤርሊን ደጅ ወጥታ ደወለች።

«ቬርኔል፣ እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን? ኤርሊን የምትባል እህት ነበረችኝ፤ ሞታ ቀብሯን ሳይነግሩኝ ቀሩ መሰለኝ።»

«ነይልኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ጎመኑ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ብቻ ሆነ። ቬርኔል አንዴ ቀምሳ «እትዬ፣ ይሄማ የፍየል ራት ነው» ብላ ሳህኗን ጠርጋ በላች።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ አብረው ሄዱ። ቬርኔል መንገዱን ሙሉ ስትነዘንዝ ሄዳ ክሊኒክ ውስጥም ቀጠለች። ነርሷ «ስለካ ዝም ይበሉልኝ» አለቻቸው። ቬርኔል እጇን አፏ ላይ ጭና ቁጥሩ ላይ አፈጠጠች።

«ወርዷል፣» አለች ነርሷ።

ኤርሊን የእህቷን እጅ ከአፏ ላይ አነሳችና ያዘችው።

«በይ አሁን ተናገሪ። ዝምታሽን ጠግቤዋለሁ።»