በጨለማው ክፍል እንቅልፍ መጠበቅ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። አዲስ የሚገቡ ረዳቶች ሥራውን ይጠይቁኛል፤ ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ በወረቀት ይሻለኛል ብዬ ነው።

ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ በረዳትነት የተቀጠርሁ ዕለት የነርሶቹ አለቃ ሲስተሯ ስሜን ጠየቀችኝ። ሁለት ጊዜ ብመልስም ድምፄ አልተሰማትም። ረዳቶቹ ሳቁ። እሷ ግን «ይችን ለጨለማው ክፍል እፈልጋታለሁ» አለች።

ጨለማው ክፍል የመንጋጋ ቆልፍ ሕመምተኞች የሚተኙበት ነው። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናል። ድምፅም ብርሃንም ንክኪም ሰውነታቸውን ይወጥረዋል፤ ሲብስ ትንፋሽ ይቆማል። ስለዚህ ሲስተሯ በአፍንጫቸው በገባው ቱቦ የማስተኛ መድኃኒት ትሰጣለች፤ ለሕመሙ መርፌ ትወጋለች።

የኔ ሥራ መጠበቅ ነው። መንጋጋው የተቆለፈ ሰው አመመኝ አይልም። ግንባሩ ተኮማትሮ ካላበው መድኃኒቱ እያለቀበት ነው፤ ትንፋሹ ከዘገየ በዝቶበታል። በሁለቱም ሲስተሯን እጠራለሁ።

ደሴ የሚባል ወጣት ገበሬ ማረሻ የወጋው እግሩ መንጋጋ ቆልፍ አምጥቶበት ከዛሪማ በጭነት ማኪና መጣ። ታላቅ ወንድሙ አያ ታከለ አብረውት ነበሩ፤ ከማዶ ሰው መጥራት የለመደ ድምፅ ነበራቸው። በሰፈራቸው በጽኑ የታመመ ሰው ከተኛ አይመለስም ይባላል። ሲስተሯ እንቅልፉ ሕክምና መሆኑን ነገረቻቸው፤ እሽ አሉ።

እሷ ስትወጣ ግን ትከሻውን ይዘው «ደሴ፣ ንቃ፣ አትሂድብኝ» እያሉ ነቀነቁት። ደሴ ተወጠረ፤ ፊቱ ጠቆረ። ሲስተሯን ጠራኋት። መርፌ ስትወጋው በመከራ ትንፋሹ ተመለሰ።

አያ ታከለ በአባቴ ዕድሜ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ፊታቸው ቆምሁ፤ መቀስቀሱ እንደጎዳው ነገርኋቸው።

«ምነው አንች ልጅ፣ ድምፅ የለሽም?»

ድምፄን አላነሳሁም። ጠጋ ብዬ «ደግመው ከቀሰቀሱት ይሞታል። እንቅልፉን ይጠብቁልኝ» አልሁ።

አያ ታከለ ዱላቸውን ውጭ አስቀምጠው በሩ ላይ ተቀመጡ። ጠያቂ ሲመጣ አፋቸውን በጣታቸው እየዘጉ ይመልሱት ጀመር። ሲስተሯንም ጫማሽ ይጮኻል አሏት፤ አውልቃ ገባች።

እኔም ደሴን ሳገላብጥ አስቀድሜ በጆሮው እነግረዋለሁ፤ የተኛም ሰው በድንገት ሲነኩት ይወጠራል። መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ተቀነሰለት። አንድ ጠዋት አፉን ከፍቶ ውኃ ለመነ።

ሰውን ማስተኛት ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ እንቅልፉን መጠበቅ ነው።

የተሰናበቱ ዕለት አያ ታከለ ወንድማቸውን ደግፈው ከግቢው በር ደረሱ፤ እኔም ልሸኛቸው ተከተልኋቸው። ውጭ ገበያተኛው ይንጫጫል። ወደኔ ዞረው በሹክሹክታ ጠየቁኝ፤

«እታለም፣ እንግዲህ መጮህ ይቻላል?»