«አምነዋል» ብዬ የጻፍኩባቸው ሰው

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ደሃና ወረዳ ውስጥ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ዳኛው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ስለሆነ የአገራችንን ቋንቋ ኽምጣንጋን አይሰማም፤ አማርኛ የሚቸግረውን ባለጉዳይ ቃል ተቀብዬ በአማርኛ የምጽፍለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን አያ ወልዱ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። ታመው ጠበል ሲሄዱ የገብስ መሬታቸውን፣ እስኪመለሱ እንዲያርሰው፣ ለጎረቤታቸው ሰጥተው ነበር። ሲመለሱ ጎረቤቱ «ለዘለቄታው ሰጥተውኛል» ብሎ ከለከላቸው። ያ ጎረቤት አጎቴ ነው፤ ሰቆጣ ስማር ስንቄን የቻለልኝ።

አጎቴ ይህን አድርግልኝ አላለኝም። እኔው ነኝ ያደረግኩት። ወጭት ሰባሪ እንዳልባል ነው? ማን ሊለኝ?

አያ ወልዱ በቋንቋችን ያሉት «እስክመለስ ብዬ፣ አምኜው ሰጠሁት» ነው። እኔ የጻፍኩት «መሬቱን መስጠታቸውን አምነዋል» የሚል ነው። «እስክመለስ»ን ዘለልኳት። ማንበብ አይችሉም፤ ከአማርኛ ግን «ማመን» የምትለዋን ያውቋታል። አውራ ጣታቸውን ቀለም ከመንከራቸው በፊት ጠየቁኝ።

«አምኜው እንደሆነ ጽፈኸዋል፣ ልጄ?»

«አዎ አባባ፣ አምነዋል ብያለሁ።»

ቃሏ ወረቀቱ ላይ አለች። በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ ይህ እውነት ይብስብኛል። ሰው አምነው የተካዱትን ሽማግሌ፣ ጥፋቱን እንዳመነ ተከሳሽ አድርጌ ጻፍኳቸው። ልዩነቱን አላውቅም ነበር? ሥራዬ እኮ እሱን ማወቅ ነበር።

መሬቱ ለአጎቴ ተፈረደ። አያ ወልዱ በስተርጅና የሰው መሬት የእኩል እያረሱ ኖሩ።

ከዓመታት በኋላ ሰቆጣ ገበያ ላይ አገኙኝ። ትከሻዬን ስመው አብሯቸው ላለው ሰው «ዳኛው ነው የበደለኝ፤ ይኸስ ታማኝ ነው፣ ያልሁትን ጽፎልኝ ነበር» አሉት። ያኔ መናገር እችል ነበር። ጤናቸውን ጠይቄ ሄድኩ።

ሞተዋል። መሬቱን ዛሬ የአጎቴ ልጆች ያርሱታል። ይቅር በሉኝ ልላችሁ ነበር የተነሳሁት። ግን እናንተ ምኑን ይቅር ትሉኛላችሁ? መሬቱ የእናንተ አልነበረም።