የወንድሜ ቻናል

ወንድሜ በሕይወት እያለ ቤታችን ሰላም አልነበረውም። ጥፋቱ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የሮክ ቪዲዮ ብቻ የሚያሳይ የአንድ የውጭ ቻናል ነው። ፀጉራቸው ፊታቸውን የሸፈነ ጎረምሶች ጊታር ታቅፈው ይጮኻሉ፤ እናቴ ከጓዳ «ይሄን የሰይጣን ጩኸት ዝጋልኝ!» ትላለች፤ እሱ ይስቃል። የናዝሬት ነፋስ ዲሹን ባንቀሳቀሰው ቁጥር አሮጌ የፋብሪካ ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ እግሩን እየጎተተ ቆርቆሮው ላይ ይወጣል፤ እርምጃው ቤት ውስጥ ይሰማል። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ «ወደ ግራ! አለፈ! መልሰው!» እላለሁ። ለዚያ ጩኸት ይሄ ሁሉ ልፋት ምን ይሉታል እያልኩ እበግን ነበር።

አንድ ቀን ከወንጂ ከሥራ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሞተ። እንደ ወጉ ቴሌቪዥኑን ነጠላ አለበስነው፤ እስከ አርባው ማንም አልከፈተውም።

በአርባው ማግስት ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። እናቴ ትጽናና ብዬ የዲሽ ሠራተኛ ጠርቼ ዲሹን ወደ መዝሙር ቻናሎቹ አስዞርኩት። ነጠላውን አንስቼ ስከፍተው ቤቱ በመዝሙር ተሞላ። እናቴ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«የልጄን ምን አደረግሽው?» አለችኝ።

ለካ አርባ ቀን ሙሉ ያን ጩኸት ስትጠብቅ ኖራለች። ከወንድሜ የቀረላትን በገዛ እጄ አጠፋሁባት። ራሴን ጠላሁት።

ሠራተኛውን መልሼ ብጠራው አልመጣ አለኝ። በማግስቱ ራሴ ወጣሁ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ስለሚያቃጥል ከበር ኋላ የቆመውን የወንድሜን አሮጌ ቦት ጫማ አደረግኩ። እናቴ በእኔ ቦታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ዲሹን ወዲህም ወዲያም ባዞረው «ምንም የለም» ትላለች። ቆይታ ዝም አለች። ደንግጬ ወረድኩ።

መሬት ላይ ተቀምጣ ኮርኒሱን ቀና ብላ ታያለች። እንባዋ ይወርዳል። ቴሌቪዥኑ ላይ «ሲግናል የለም» ከሚለው ጽሑፍ በቀር ምንም የለም።

«አላገኘሁትም እማዬ፣ ይቅርታ» አልኳት።

«ቻናሉስ ይቅር» አለች ዓይኗን ከኮርኒሱ ሳትነቅል። «ለምን ወረድሽ? ትንሽ ተራመጂልኝ እንጂ።»

ተመልሼ ወጣሁ። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እወጣለሁ። ዲሹን አልነካውም። ጫማው ስለሚሰፋኝ እግሬን እንደ እሱ እየጎተትኩ፣ እናቴ ከተቀመጠችበት በላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ።