አጎቴና የሮማው የከዋክብት ግጥም

ለቅሶ ልትደርሱ መጥታችሁ አጎቴን «ጠቢብ፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ» ያላችሁ ሁሉ ተሳስታችኋል። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ተጣልቻቸዋለሁ፤ ሞተውም አልታረቅኋቸውም።

አጎቴ በወጣትነታቸው በካቶሊክ ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ላቲን ተምረዋል። ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ቤታቸው አንድ የጥንት ሮማዊ ስለ ከዋክብትና ስለ ዕጣ ፈንታ የጻፈውን ረጅም ግጥም ወደ አማርኛ ሲመልሱ ኖሩ። ከግጥሙ የያዙት ነገር አንድ ነው፤ የሰው ነገር ሁሉ በተወለደባት ሰዓት ተወስኗል፣ ስለዚህ ብልህ ሰው አያለቅስም።

ወንድማቸውን፣ ማለትም አባቴን፣ ጦር ኃይሎች ፌርማታው አጠገብ መኪና ገጭቶ የገደለው ጊዜ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። እያለቀስኩ እላያቸው ላይ ወደቅኩ። ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝና፣

«ቀኑ ነው ልጄ። ከዋክብት አይሳሳቱም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ወንድምዎ እኮ ነው።»

«ባለቅስ ይመለሳል?»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ቤታቸው እየሄድኩ በዚያ ግጥም ስጨቃጨቃቸው ኖርኩ። አንድም ቀን አልተበገሩልኝም።

ባለፈው እሑድም እግሬ ወሰደኝ። ወንበራቸው ባዶ ነው። ባለቤታቸው «ዛሬ ከማን ጋር ልትጣላ መጣህ?» አሉኝ። ቀጥለውም አባቴ ከሞተ ጀምሮ አጎቴ ባኞ ቤት ገብተው፣ ድምፃቸው እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍተው ያለቅሱ እንደነበር ነገሩኝ።

ሊያጽናኑኝ ነበር። እኔ ግን ይበልጥ ተናደድኩ። በር ቆልፈው ብቻቸውን ከሚያለቅሱ፣ አንድ ቀን አቅፈውኝ ቢያለቅሱ ምን ነበረበት?