የታሪክ እንግዶች በመሪጌታ ቤት

መልአኩን የመካነ ሰላም ከተማ ሰው የሚያውቀው በእርሻ ቢሮ ሥራው ነው። ኢኮኖሚክስ ተምሮ መጥቶ የስንዴና የገብስ ዋጋ ይከታተላል። ክረምት ገብቶ የወግዲ መንገድ በጭቃ ሲዘጋና ቢሮው ሥራ ሲፈታ፣ ስለ ታሪክ አጻጻፍ ዘዴ እንደሚጽፍ ግን ከቤተሰቡ በቀር ብዙ ሰው አያውቅለትም ነበር።

ሐሳቡ ከባድ አልነበረም። በስልሳ ስድስቱ ረሃብ ገበሬው በሬውን ሸጠ ብሎ መጻፍ አይበቃም ይላል። ሳይሸጥ ቢቀር ምን ምርጫ ነበረው? ዘሩን መብላት? ልጆቹን ይዞ ወደ ደሴ መንገድ መውጣት? ሰው ትቶት ያለፈውን ያልጠየቀ፣ ያደረገውም አይገባውም።

ጽሑፉን ለታሪክ ሰዎች ቢልከው «ይህ የኢኮኖሚስቶች ነው» አሉት። ለኢኮኖሚስቶች ቢልከው «የታሪክ ነው» ብለው መለሱለት። የቢሮው ካድሬ አራጌ ደግሞ ጥቂት ገጽ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ሳቀበት።

«ጓድ መልአኩ፣ ባላባቱን የት አደረስከው? ገበሬው እንዲህ እንደ ልቡ የሚመርጥ ከሆነ እኛ ለምን መጣን?»

በሰባ አራት ጥቅምት ላይ ዶክተር ምናለ የሚባሉ የታሪክ መምህር የሽማግሌዎችን ቃል በቴፕ ሊቀዱ ከአዲስ አበባ መጡ። መጀመሪያ የሚጠይቁት የመልአኩን አባት፣ ዓይናቸው የደከመውን መሪጌታ ወልደ ገብርኤልን ነበር። መልአኩ ጽሑፉን ክላሰር ውስጥ አድርጎ መስኮቱ ሥር አስቀመጠ። እኚህ ሰው ካላነበቡት ከእንግዲህ ማንም እንደማያነብበው ያውቃል። ስለ ራሱ መናገር ግን አፈረ።

«አባ፣ አንቱ አንድ ቃል ቢሉልኝ ይሰሙዎታል።»

«እላለሁ ልጄ» አሉ መሪጌታ።

ቀረጻው አልቆ ምሳ ሲበላ ዶክተሩ ወደ መልአኩ ዞሩ። «ልጅዎ ነው?»

«የእኔው ነው» አሉ መሪጌታ። «የገበያ ነገር ነው የተማረ። እህል ስንት ገባ ስንት ወጣ ይላል፣ እሱም እንደ ነገሩ ነው። አንዳንዴም ስለ ታሪክ እጽፋለሁ እያለ ወረቀት ያበላሻል። እናንተ ሊቃውንቱ አይታችሁ ትገሥጹት እንደሆነ እንጂ።»

የአገሩ ሰው ይህን ቢሰማ፣ ይህ ልጅ የአባቱ ዓይን ነው ብሎ ይረዳ ነበር። አባት ልጁን በእንግዳ ፊት አያወድስም። ዝቅ ያደርገዋል፤ ማንሣቱ የእንግዳው ነው። «ኧረ እስቲ ይምጣ፣ እንየው» ማለት ነበረባቸው። ዶክተሩ ግን አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ፈገግ አሉ።

«ታሪኩን ለእኛ ተውልን» አሉት ለመልአኩ። «ግን የደጎሎን ገበያ የስንዴ ዋጋ ብታገኝልን ለጥናታችን መግቢያ ይጠቅመን ነበር።»

መልአኩ አባቱን አየ። ቢናገር የአባቱን ቃል በሰው ፊት ማፍረስ ሆነበት።

«ይገኛል» አለ።

የዶክተሩ ረዳት የቴፑን ባትሪ ሊቀይር ክላሰሩን አንሥቶ እንደ ጠረጴዛ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ሲጨርስ ወደ ቦታው መለሰው።

የእንግዶቹ ላንድሮቨር ወደ ወግዲ ሲወርድ የመሪጌታ ፊት በርቶ ነበር።

«ስንት ልልልህ ነበር መሰለህ! አፌ ድረስ እየመጣ መለስኩት። ነውር ሆነብኝ። ግን ገብቷቸዋል፤ የተማሩ ሰዎች አይደሉ? ጽሑፉን ወሰዱት አይደል?»

እናቱ በለጥሻቸው መስኮቱ ሥር የቀረውን ክላሰር አየች፤ ከዚያ ልጇን።

«አብሽር፣ አይዞህ» አለችው በሹክሹክታ።

«ወስደውታል፣ አባ» አለ መልአኩ።

«እሰይ። እንግዲህ ያንን ትልቅ ሰው የስንዴውን ዋጋ እንዳታስጠብቅ።»

እንግዶቹ በማግስቱ በዚያው መንገድ ይመለሳሉ። መልአኩ ጋቢውን አስቀምጦ ኮቱን ለበሰና የስንዴውን ዋጋ ሊገለብጥ ወደ ቢሮው ወጣ።